አጥር የሌለው በር

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ለካንታቦግ መንደር ነዋሪዎች፣ ለአጎራባች ደሴቶችና ለመላው ዓለም ሕዝብ በጥልቅ ኀዘን ይገለጻል፦ ላለፉት ሰባ ዓመታት ያለ አንዳች ዕረፍት በታማኝነት ያገለገለው የላይኛው የፊት ጥርሴ፣ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጥሬ ማንጎ በመግመጥ ላይ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቋል። ሥርዓተ ቀብሩም በቤታችን ጣሪያ ላይ ተፈጽሟል።

ፒሊንግ ምንም አላዘነችም። "እሰይ" አለች ሚስቴ። "ከእንግዲህ ውሸትህ ሳይጨናነቅ ይወጣል።"

ከሰዓት በኋላ ካፒታን ሮጋሲያኖ መጣ። የመንደራችን አለቃ፣ የልጄ የክርስትና አባት፣ አበልጄ። ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ዘረጋው። በር ነው... የመንደሩ መግቢያ መንገድ ላይ የሚቆም ትልቅ የሲሚንቶ በር። ግራና ቀኙ ዶልፊን። አናቱ ላይ "እንኳን ወደ ካንታቦግ በደህና መጡ" ይላል። ከዚያ በላይ የራሱ ፎቶ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተነሣው፣ ፀጉር ያለበት።

"አጥሩስ?" አልኩት።

"የምን አጥር?"

"በር ካለ አጥር አለ ብዬ ነው።"

"አንተ ሰውዬ መቼም... ይሄ እኮ ለክብር ነው አበልጄ!" ከዚያ ከአንዱ ዶልፊን ጭራ ሥር በጣቱ አሳየኝ። "ፕሪሚቲቮ፣ የመንደራችን ባለቅኔ" ይላል። የኔ ስም። በሲሚንቶ!

ዶልፊኖቹ በጣም ያምራሉ አልኩት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጆናሊን ከትምህርት ቤት እስከ ወገቧ ርሳ ተመለሰች። የልጅ ልጄ ናት፤ እኔን አያቷን 'ሎሎ'፣ ፒሊንግን 'ሎላ' ትላለች፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ መርከብ ላይ፣ እናቷ ሴቡ ከተማ ሥራ ላይ፣ እሷ እኛ ጋ። ትምህርት ቤቱ ከጅረቱ ማዶ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጅረቱም አብሮ ይሞላል። ልጆቹ ደብተራቸውን በሳፋ አድርገው ራሳቸው ላይ ተሸክመው በውኃው መሐል ይሻገራሉ። ሁሌም እንዲሁ ነው። እኛም እንዲሁ ነበርን።

"ሎሎ፣ ኔኔት ትምህርት አቆመች" አለችኝ።

ኔኔት የጎረቤታችን ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ። በሒሳብ የሚደርስባት የለም።

"ምነው፣ አሟት ነው?"

"ወንዶቹ ናቸው። ማዶ ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። ቀሚሳችንን ስንሰበስብ ያፏጫሉ። ትናንት አንዱ በስልክ ቀረጻት።"

ምን ይባላል? ፎጣ አቀበልኳት።

"ድልድይ ቢኖር..." አለች። "የቀርከሃም ቢሆን።"

"የዘንድሮው በጀት ለበሩ ሆኗል። ጉባኤው ነው የወሰነው።"

"ጉባኤው ላይ ማን ማን ነበር?"

"አንቺም ነበርሽ" አልኩ፣ ሳላስብ።

አይ አፌ! ነገሩ እንዲህ ነው... ለጉባኤ ማንም አይመጣም። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ አባወራው ለቤተሰቡ ሁሉ ይፈርማል፤ አንድ እሽግ ብስኩት ይሰጠዋል፤ "ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወሰነ" ይባላል። ሕጉ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት ጀምሮ ያለ ሁሉ ይናገራል፣ እጁን ያወጣል ነው የሚለው። ጆናሊን አሥራ አምስት ከሞላት ወዲህ የፈረምኩላት እኔ ነኝ። ስድስት ጊዜ።

"እኔ? እኔ ፈርሜ?"

"ፊርማሽ በኔ እጅ ሲጻፍ ይበልጥ ያምራል" ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀችም። ድሮ በሁሉም ቀልዴ ትስቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ አታናግረኝም። ዓሣ ስታቀርብልኝ እንኳ ጭራውን ወደኔ ነው የምታዞረው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ከቅዳሴ መልስ አናገረችኝ። ተመስገን!

"ሎሎ፣ ቆጠርኩ። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ አምስት ያለን ሴቶች አርባ አንድ ነን።"

"ጥሩ ነዋ። ጭፈራ ቤት ይሞላል።"

"ጉባኤ እንሂድ ስላቸው ሳቁብኝ። 'ካፒታን ፊት? የግማሾቻችን የክርስትና አባት እኮ ነው! እጁን ግንባራችን ላይ አስነክተን በረከት የምንቀበለውን ሰው እንዴት ብለን ተሳስተዋል እንለዋለን?' ይላሉ።"

እውነታቸውን ነው። እኔስ ብሆን አበልጄን ፊት ለፊት...? እንዴት ተደርጎ?

"ስለዚህ ባሊታው አስተምረን" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ባሊታው! ወንድና ሴት በጊታር እየዞሩ በግጥም የሚሟገቱበት የድሮ ጨዋታችን። የጊታሩ ዜማ ሦስት ጊዜ እስኪዞር መልስ ያጣ፣ ባርኔጣውን ከሌላው እግር ሥር ያኖራል፤ የተባለውንም ይቀበላል። ከሁሉም በላይ ግን... በባሊታው የተነገረ ቂም አይያዝበትም። ለቄስ ቢሆን፣ ለአማት ቢሆን።

"የፍቅር ዘፈን ምን ያደርግላችኋል?"

"ፍቅሩን ተወው። ሎላን ሃምሳ ዓመት ሙሉ በግጥም እየነካካሃት እንዴት ጥላህ እንዳልሄደች ነው መማር የምንፈልገው።"

ከማድ ቤት የፒሊንግ ሳቅ ተሰማ። በዚህ ቤት ለኔ የሚወግን የለም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

የመጀመሪያው ትምህርት። ባሕሩ ዳር፣ ሴቶቹ ለቋንጣ የሚሰጣውን ዓሣ በሚሰነጥቁበት ዳስ ሥር። ሰባት ሆነው መጡ። ቢላዋው ምት ይሰጣል፤ እኔ ጊታር ይዣለሁ። አንዷ ድብልብል ያለች ደፋር ልጅ ተነሥታ ጀመረች፦

"ድልድይ ስጡን ድልድይ፣ እባካችሁ ድልድይ፣
ድልድይ ካልሰጣችሁን፣ እንላለን ድልድይ።"

"ልጄ" አልኳት፣ "ይሄ ግጥም አይደለም። ዝናብ የጠማት እንቁራሪት ናት።"

"ኧረ ሎሎ!" ብላ የዓሣ አንጀት ወረወረችብኝ። ጢሜ ላይ አረፈ። አስተማሪ እንዲህ ይከበራል።

ቤት አመታቱን አሳየኋቸው፣ ምጣኔውን አሳየኋቸው። ገባቸው። ግን ሁሉም ልመና ሆነ... እባክዎ፣ ይራሩልን፣ ይዘኑልን። ይሄኔ ፒሊንግ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች።

"አትለምኑ" አለቻቸው። "ጠይቁ። ወንድ ጥያቄ ሲጠየቅ በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው።"

ይህቺ ሴት በ1971 በባሊታው ረትታኝ ባርኔጣዬን ወሰደች። እኔም ባርኔጣዬን ተከትዬ ሄድኩ። ታውቃለች።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ዛሬ ኔኔትም መጣች። ኋላ ተቀመጠች። ግጥም በይ ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። ግን ሳፋ ገልብጣ ምቱን ትመታለች... አንድም አትስትም። ሒሳበኛ አይደለች?

ማምሻውን ካፒታን ብቅ አለ።

"አበልጄ፣ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው በየቀኑ የሚያዜሙት?"

"ለመንደሩ በዓል ነው።"

"እሰይ! በሩ ሲመረቅ ይዘፍናሉ።" ደስ ብሎት ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። "ስምህን እኮ ከዶልፊኑ ጭራ ሥር አንሥቼ ከፎቶዬ አጠገብ አደረግሁት። ፊደሉም ይተልቃል።"

ምን ያህል ይተልቃል ብዬ ጠየቅሁ! ያውም ሁለት ጊዜ።

ፒሊንግ ሰምታለች። እራት ላይ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራው። እውነት በዚህ ዕድሜዬ ለስሜ ብዬ የልጅ ልጄን...? የሲሚንቶ ፊደል ሰው ይገዛል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ጸሐፊው መዝገቡንና ብስኩቱን ይዞ መጣ። የማርቹ ጉባኤ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ የበሩ ሥራ የሚጀመረው እዚያ ከጸደቀ ነው።

"ሎሎ ፕሪሚቲቮ፣ እንደተለመደው ለሦስታችሁም ይፈርሙልኝ።"

ብዕሩን ያዝኩ። ጆናሊን ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። አትናገርም። መናገር አያስፈልጋትም።

"የኔን ጉባኤው ላይ መጥቼ እፈርማለሁ" አልኩት። "ሚስቴም እጅ አላት። የልጅቷ ፊርማ ደግሞ አስቀያሚ ነው፤ እኔ አስመስዬ መጻፍ አልችልበትም።"

"ኧረ ሎሎ፣ ካፒታን ምን ይለኛል?"

"ብስኩቱን ብላና ሂድ።"

ሌላም ቤት እንዲሁ አሉት አሉ። ሴቶቹ ቀድመው በየቤቱ ዞረው ኖሯል፤ አባቶቹን በግጥም ነው የያዟቸው። መዝገቡ ግማሽ ሳይሞላ ተመለሰ። እንግዲህ ካፒታን ሳይወድ በግድ እውነተኛ ጉባኤ ሊጠራ ነው። በስንት ዘመኑ!

ጆናሊን ዓሣ አቀረበችልኝ። ጭንቅላቱ ወደኔ ነበር።

ዓርብ፣ ማርች 28

ነገ ነው። ጆናሊን ምግብ አልወርድ አላት። እኔ ሁለት ሳህን ሩዝ በላሁ። የሷንም ጭንቀት አንድ ሰው መብላት አለበት።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ፊት ፊቱን እኛ ሽማግሌዎች። ካፒታን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የበሩን ሥዕል ከኋላው ሰቅሎ። "እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ..." ብሎ ገና ሲጀምር ከባሕሩ በኩል ምት ተሰማ። ሳፋ ነው።

መጡ። ሠላሳ ስምንት ሆነው። ዩኒፎርም ለብሰው፣ ሳፋ ተሸክመው፣ ቀሚሳቸው እስከ ወገብ ርሶ፣ ውኃው ሜዳው ላይ እየተንጠባጠበ። ሆን ብለው በጅረቱ ነው ያለፉት። ከኋላ እናቶቻቸው። ሳፋውን የምትመታው ኔኔት ናት።

ጆናሊን ወደ ካፒታን ሄደች። እጁን ወስዳ ግንባሯ ላይ አስነካች፣ በረከቷን ተቀበለች። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"ካፒታን፣ ባሊታው እጠይቅዎታለሁ።"

ሴት ባሊታው ጠይቃው እምቢ ያለ ወንድ እዚህ እስከ ልጅ ልጁ ይሳቅበታል። ደግሞ ካፒታን በጎልማሳነቱ ግጥም ያውቅ ነበር፤ ከኔ ቀጥሎ ይባላል። (እሱ ከኔ በፊት ነው የሚለው።) ደረቱ ተነፋ።

"ጊታር!" አለ።

ጊታሩ እኔ ነኝ። መሐላቸው ገባሁ። ካፒታን ወገቡን ይዞ አንድ ዞረና፦

"እንግዳ ሲመጣ፣ ከሩቅ አገር ደክሞ፣
ደስ አይለውም እንዴ፣ ከበራችን ቆሞ?"

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ጆናሊን ቀሚሷን ጨመቅ አድርጋ፦

"በሩን አልጠላሁም፣ ቀለሙም ያኮራል፣
ግን የመንደሩ ልጅ፣ በምን ይሻገራል?"

"እሰይ!" አለ ከኋላ የሴት ድምፅ። ካፒታን ፈገግ አለ። ገና ሞቀው።

"እኛም በልጅነት፣ ተሻግረናል ዋኝተን፣
ባሕር መቼ ጎዳን፣ አደግን በርትተን?"

እሷ አንድ ዙር እንኳ አልጠበቀችም፦

"እርስዎ ሲሻገሩ፣ ማን ቆሞ አየዎት?
ቀሚስ ቢለብሱ፣ ስንት ዓይን በበላዎት!"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የካፒታን ሚስት ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። ማዶ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች ግን አልሳቁም፤ እናቶቻቸው ዞር ዞር ብለው ያዩአቸው ጀመር። ካፒታን ላቡን ጠረገና ሳቁን ለማስቆም ከረር አለ፦

"ልጄ ነሽ እንዳልል፣ ምላስሽ ረዘመ፣
ሁላችሁ ፈርማችሁ፣ ሥራው ተፈጸመ።"

ሳቁ ቆመ። ፊርማ... እዚያ ሜዳ ላይ ያለን አባቶች ሁሉ መሬት መሬት አየን። ጊታሩ አንድ ዞረ። ጆናሊን ዝም። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ዝም። ይሄኔ ዘንበል ብዬ የመጨረሻውን ግጥም በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ለታሪክ ይመዝገብ፣ ሹክ ያልኳት እኔ ነኝ። ቀና አለች፦

"እጄ ሳይነካው፣ ስሜ ተጽፎበት፣
ማን ነው የሚለኝስ፣ አንቺም አለሽበት?
ጎረቤቴ ኔኔት፣ ደብተሯን ዘግታለች፣
በርዎን ብታልፈው፣ ወዴት ትደርሳለች?"

የሳፋው ምት ቆመ። ኔኔት ሳፋዋን ታቅፋ ካፒታንን ታየዋለች። ሁሉም ካፒታንን ያየዋል።

አንደኛ ዙር። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ሁለተኛ ዙር። ወደኔ አየ። የስንት ዘመን ወዳጄ ነው፤ ዓይኑ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ቀስ በል አበልጄ፣ ጊዜ ስጠኝ... ማዘግየት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ከጀርባው ሥዕሉ ላይ ስሜ ይታየኛል፣ ፎቶው አጠገብ፣ በትልልቅ ፊደል።

አላዘገየሁም። ሦስተኛ ዙር፣ እንደ መጀመሪያው።

ካፒታን ባርኔጣውን አወለቀ። ትንሽ ያዘው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ ከእግሯ ሥር አኖረው።

"በሩ ይቆይ" አለ። "እስቲ ለድልድዩ እጅ አውጡ።"

መቶ አሥራ ሁለት ለዘጠኝ! የካፒታን ሚስት ሁለቱንም እጇን ነው ያወጣችው፤ አንዱ አልተቆጠረላትም። ኔኔትም አወጣች። መጀመሪያ እስከ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ እስከ ሰማይ። ከዚያማ ሳፋ በሙሉ ተመታ... ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ይጩኽ!

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ካፒታን በደጃችን አለፈ። ሰላም አላለም። ፒሊንግ፦ "ተወው፣ ለዶልፊኖቹ ሐዘን ተቀምጦ ነው።"

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

መጣ። የዘንባባ ጠጅ በጀሪካን ይዞ። ተቀመጠ፣ ቀዳ፣ ጠጣ።

"ቂም የለም" አለ።

"የለም።"

"ግን ይቆጠቁጣል። ሚስቴ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያችን የቀሚሷን ግጥም ነው የምትለቅብኝ።"

"ጥሩ ግጥም ናት።"

"ጥሩ ናት።" ደግሞ ቀዳ። "የድልድዩ ምሰሶ ሲሚንቶ ይሁን አበልጄ፣ ቀርከሃ ሦስት ዓመት አይቆይም። እና እኮ... ምሰሶው ላይ አንዲት ትንሽ ዶልፊን ብትኖር? አንዲት ብቻ?"

"እኔ ምን አገባኝ? ልጆቹን ጠይቃቸው። በባሊታው ይመልሱልሃል።"

ጠጁን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሰኞ፣ ጁን 16

ትምህርት ተከፈተ። ባሕሩ ሙሉ ነበር። ኔኔት ነጭ ካልሲ አድርጋ በድልድዩ ሄደች፣ ተመለሰች፤ ካልሲው ነጭ ነው። ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ ዛሬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ከመቃጥኔ ጋር። ጎረምሶቹ መጡ፣ አዩኝ፣ ተመለሱ። ዓሣ አልያዝኩም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

የኦክቶበር ጉባኤ። ሰዓቴን አክብሬ ደረስኩና መቀመጫ አጣሁ! ሴቶቹ ቀድመው ሞልተውታል። የፊት ወንበሬ ላይ አንዲት ሕፃን የታቀፈች ልጅ ተቀምጣለች።

"ተነሽ ልበልሽ?" አልኳት።

"እስቲ ይሞክሩኝ፣ ሎሎ" አለችኝ።

ቆምኩ። ካፒታንም ከጎኔ ቆሟል። ስብሰባውን የምትመራው ጆናሊን ናት፤ ጉባኤው ራሱ እጅ አውጥቶ መረጣት። ኔኔት ተነሥታ ተናገረች። ያለ ግጥም፣ ያለ ሳፋ፣ ቀጥ ብላ። ምጥ የያዛት ሴት ወደ ከተማ የምትሄድበት ጀልባ ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን አለች፤ ዓምና ስንት ጊዜ እንደዘገየ፣ በስንት ሰዓት እንደዘገየ፣ ሁሉን በቁጥር አስቀመጠችው። ካፒታን በጆሮዬ "ግጥሙ ይሻለኝ ነበር፤ ለዚህ ምን መልስ አለው?" አለኝ። የሱም እጅ ወጣ።

እኔም ስለ ወንበሮቹ ማነስ ልናገር ብዬ እጄን አወጣሁ።

"ሎሎ፣ ስምንተኛ ነህ" አለች የልጅ ልጄ። "ተራህን ጠብቅ።"

ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ልል የነበረው ጠፋብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ... ይህን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ለራስ መዋሸት ምን ይባላል? ማርች 29 ላይ የመጨረሻውን ግጥም ሹክ አልኳት ብዬ ጽፌያለሁ። ፈጠራ ነው። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ የካፒታን ሚስት ሁለት እጅ ሳይቀር። ጊታሩ ሁለተኛውን ሲዞር ጆናሊን ዞር ብላ በዓይኗ ግጥም ለመነችኝ። እኔ... ዕድሜ ልኬን ግጥም አውቃለሁ ያልኩት ሰው... አንድ ቃል አልነበረኝም። ደግሞስ የፈረምኩላት እኔ ሆኜ ራሴን የሚመታ ግጥም ከየት ይመጣልኛል? አንገቴን ነቀነቅሁላት። ፊቷን መለሰች፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ አለችው። የራሷ ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የራሷ ነው።